ስኬሉን አውቀዋለሁ፣ ሶሎዬ ግን ማሟሟቂያ ነው የሚመስለው

አምስተኛ_ፍሬት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጊታር ከጀመርኩ ሶስት አመት ሊሞላኝ ነው፣ ኮርድ ላይ ክፉ አይደለሁም፣ የኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ስኬልን (የአምስት ኖታ ተርታ) አምስቱንም ቦክስ (አንገቱ ላይ ያለውን የጣት አቀማመጥ) አይኔን ጨፍኜ ሽቅብም ቁልቁልም እሄድበታለሁ፣ ሜትሮኖም 100 ላይ አድርጌ በአንድ ምት አራት አራት ኖታ ስመታ ጣቴ አይሳሳትም። ችግሩ ባኪንግ ትራክ (ከስር ኮርዱን የሚመታልኝ ቅጂ) ከፍቼ ሶሎ ልጫወት ስል ነው። ያው ስኬሉን እወጣዋለሁ፣ እወርደዋለሁ፣ መሃል ላይ ትንሽ እፈጥናለሁ፣ ከዛ ደግሞ እወጣዋለሁ። የተሳሳተ ኖታ የለም ግን ዘፈንም የለም።

ባለፈው ታናሽ እህቴ በር ላይ ቆማ ስታዳምጠኝ አየኋትና ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንዴ እንኳን እጄን ሳላነሳ። ስጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «ማሟሟቂያው አለቀ? በል አሁን ዘፈኑን ተጫወተው»። ሃሃሃ ሳቅኩኝ፣ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ ጊታሩን ባነሳሁ ቁጥር እሷው ናት ጆሮዬ ላይ የምትመጣው።

እና እናንተ ይሄን ነገር እንዴት ነው ያለፋችሁት? ሌላ ስኬል ልጨምር ወይስ የያዝኩትንም ገና አላወቅኩትም?

ዲስቶርሽን_ወዳጅ፦

ብሮ ፔንታቶኒክ እኮ አምስት ኖታ ነው፣ ይሰለቻል። ሞዶቹን (ባለ ሰባት ኖታ ስኬሎቹን) ግባባቸው፣ ዶሪያን ምናምን፣ ሃርሞኒክ ማይነርም ጨምርበት ቀለም ያመጣልሃል። እኔ ከፔንታቶኒክ የወጣሁ ቀን ነው ሶሎዬ የተቀየረው።

ዝም_ያለች_ክር፦

ከላይ ያለው ወንድማችን አይቀየመኝና እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። በአምስት ኖታ አንድ ሀረግ መስራት ያቃተው ሰው ሰባት ሲሰጡት ያንኑ መውጣትና መውረድ በሰባት ኖታ ነው የሚያደርገው። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፣ አንድ አመት ሙሉ ሞድ ስሸመድድ ከርሜ የተረፈኝ ረዘም ያለ ማሟሟቂያ ነበር።

አምስተኛ ፍሬት እስቲ ልጠይቅህ፣ ሁለት ደቂቃ ሳላቆም ተጫወትኩ ብለሃል። በዛ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሶሎው ስንቴ ተነፈሰ? ዘፋኝ ቢሆን እኮ እዛው ወድቆ ነበር። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ሳይወድ በግዱ ያቆማል፣ ሳንባው ያስቆመዋል፣ ሲያቆም ደግሞ የተናገረው ነገር እዛ ጋ ይዘጋል፣ አድማጩም «እሺ ከዛስ?» ይላል። የጊታር ጉዳቱ እጅ ትንፋሽ አያጥረውም፣ ስለዚህ ማንም አያስቆመንም።

ዛሬ ማታ እቺን ሞክራት። ባኪንግ ትራኩን ክፈት፣ በአፍህ ትንፋሽህን ቀስ እያልክ እያወጣህ ተጫወት፣ ትንፋሽህ ሲያልቅ እጅህም ይቁም፣ አየር ስበህ እስክትጨርስ ክሩን አትንካ። መጀመሪያ ላይ ሞኝ ሞኝ ይመስልሃል፣ አንድ አስር ደቂቃ ታገሰው።

አምስተኛ_ፍሬት፦

ስንቴ ተነፈሰ ስትይኝ ቀረጻውን ከፍቼ ሰማሁት። ዜሮ ነው። አንዴ ብቻ ያቆምኩ መስሎኝ ነበር እሱም ለካ ፒኩ ከእጄ ሊወድቅ ሲል ነው 😂

አሮጌ_አምፕ፦

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ ባንድ ውስጥ ሪትምም ሊድም ስመታ ብዙ አመት ሆነኝ፣ ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀ ልጅ አላጋጠመኝም፣ ካለም ራሱን ቀድቶ ሰምቶ የማያውቅ ነው።

ልጄ፣ ያንተ ጣት ከጆሮህ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ቦክሱን የተማርከው በጣትህ ስለሆነ ሶሎ ሲባል ጣትህ የለመደውን መንገድ ይይዛል፣ አህያ መንገዱን ካወቀች ላይዋ ላይ ተኝተህም ታደርስህ የለ፣ እንደዛ ነው። አንተ እዛ ውስጥ የለህበትም። እህትህ የሰማችው እሱን ነው፣ ጎበዝ ጆሮ አላት።

ጊታሩን ጭንህ ላይ አስተኛውና ትራኩን ከፍተህ አንጎራጉር። ድምፄ አይረባም አትበለኝ፣ ማን ይሰማሃል? ሁለት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) አንጎራጉር፣ ሁለት ባር ዝም በል። ደስ ያለችህን አንዷን ያዝና ጊታሩ ላይ ፈልጋት። የመጀመሪያ ቀን አንዷን ሀረግ ለማግኘት ሩብ ሰአት ቢፈጅብህ አትናደድ፣ እሱ ፍለጋ ነው ትምህርቱ። ያኔ የምታየው ነገር አለ፦ ስታንጎራጉር ከሶስት ከአራት ኖታ አታልፍም፣ አንዱን ኖታ ትደጋግመዋለህ፣ መጨረሻዋን ረዘም ታደርጋታለህ። አስራ ስድስት ኖታ በተርታ የሚያንጎራጉር ሰው አይቼ አላውቅም።

የብሉዝ ጊታሪስቱን ቢቢ ኪንግን ስሙት። ሰውየው ሲዘፍን አይመታም ሲመታ አይዘፍንም። አንድ መስመር ይዘፍናል፣ ከዛ ሉሲል ብሎ ስም ያወጣላት ጊታሩ ትመልስለታለች፣ እሷም ስትመልስ እንደ ሰው ነው የምትናገረው፣ አንዷን ኖታ ይይዝና ያንቀጠቅጣታል በቃ። የጣት ብዛትም ፍጥነትም አይደለም ለማለት ነው። የጃዝ ጊታሪስቱን ጃንጎ ሬይንሃርትን ደግሞ ውሰዱት፣ በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተው ሶሎውን በቀሩት በሁለቱ ነበር የሚጫወተው። እርግጥ እሱ ፈጣንም ነበር፣ እሱን ምሳሌ ማድረጌ ለክርክሬ ብዙም አይመችም ይሆናል ሃሃ፣ ግን ሀረጎቹን ስትሰሟቸው መጀመሪያና መጨረሻ አላቸው።

እስቲ ደግሞ እቺን በእጅህ ያዛት። ሶስተኛዋ ክር 7ኛ ፍሬት፣ ዲ ናት። ኢ እስክትሆን ክሩን ገፍተህ ቤንድ አድርጋት፣ መልሳት፣ ከዛ 5ኛ ፍሬት ሲ፣ ከዛ አራተኛዋ ክር 5ኛ ፍሬት ጂ ላይ ቁም። ዝም በል። ከስር ኤ ማይነር እየተመታ ጂዋ ተንጠልጥላ ትቀርብሃለች፣ ጥያቄ ጠይቀህ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው። አሁን ያንኑ ሀረግ ድገመውና መጨረሻ ላይ በጂዋ ፋንታ እዛው አራተኛዋ ክር ላይ 7ኛ ፍሬት፣ ኤ ላይ ቁም። ቤትህ ገባህ። የተቀየረችው አንድ ኖታ ናት፣ ሁለት ፍሬት።

ፒክ_ጠፋኝ፦

ጋሼ ይቺን የመጨረሻዋን አሁኑኑ ሞከርኳት፣ ፀጉሬ ነው የቆመው። ጂ ላይ ስቆም እውነትም «እና?» ትላለች

ዲስቶርሽን_ወዳጅ፦

ጋሼ አሮጌ አምፕ አከብሮታለሁ ግን ሁሉም ሰው ቢቢ ኪንግ መሆን የለበትም እኮ። ፈጣን ሶሎ የሚወድም ሰው አለ። እኔ ሜታል ነው የምሰማው፣ እዛ ውስጥ «ተንፍስ» ብሎ ነገር የለም።

አሮጌ_አምፕ፦

አለ እንጂ ልጄ። የምትወደውን ፈጣን ሶሎ አንዱን ምረጥና ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰህ ስማው፣ ረጅም ኖታ የሚይዝበትን ቦታ በጣትህ ቁጠር። ፈጣኑ ክፍል ፈጣን ሆኖ የተሰማህ ከፊቱና ከኋላው የቆመ ነገር ስላለ ነው።

ኮርድ_ቆጣሪ፦

ጋሼ ያሉት የጂና የኤ ነገር ላይ ልጨምርበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዛ ጋ ነው የሚቀረው። ኤ ቤት የሚሆነው ከስር ኤ ማይነር ስላለ ነው፣ ኮርዱ ሲቀየር ቤቱም ይቀየራል። አምስተኛ ፍሬት ባኪንግ ትራክህ ምን ላይ እንደሆነ አላልክም ግን በጣም የተለመደውን ልውሰድ፣ ኤ ማይነር ኤፍ ሲ ጂ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ባር።

መጀመሪያ ሶሎ አትጫወት። አንዲት ኤ ብቻ ምታና አራቱም ኮርድ ከስር እስኪያልፍ ያዛት። ኤ ማይነር ላይ ሩት (ኮርዱ የሚነሳባት ኖታ) ናት፣ የተቀመጠች ናት። ኤፍ ሲመጣ እጅህን ሳታንቀሳቅስ ያቺው ኖታ ከሩቱ ስትቆጠር ሶስተኛ ትሆናለች፣ ፊቷ ይበራል። ሲ ላይ ስድስተኛ ናት፣ ትንሽ ትለሰልሳለች። ጂ ላይ ስትደርስ ዘጠነኛ ትሆናለች፣ ቁጭ አትልም ትንሳፈፋለች። አንድ ኖታ ነው፣ አራት ስሜት። ከዛ ሲን ይዘህ እንደዛው አድርግ፣ ኤ ማይነር ላይ ጥሩ፣ ኤፍ ላይ ጥሩ፣ ሲ ላይ ቤቷ፣ ጂ ኮርድ ላይ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ነው የምትሆነው። ስኬሉ ውስጥ ናት፣ «የተሳሳተች» አይደለችም፣ ግን እዛ ላይ ረዘም አድርገህ ከቆምክ ሰውየው ምን ሆነ ያስብላል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሶስተኛዋ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ሲን ይዘሃል እንበል፣ ኮርዱ ወደ ጂ ሲቀየር አንድ ፍሬት ወደኋላ 4ኛ ፍሬት ላይ ስላይድ አድርግ፣ ቢ ናት። ፔንታቶኒኩ ውስጥ የለችም ግን የጂ ኮርድ ሶስተኛ ናት። ያቺ አንድ ፍሬት ከአምስቱ ቦክስ ሁሉ በላይ ትናገራለች፣ ኮርዱን አውቆታል ይባልልሃል።

አምስተኛ_ፍሬት፦

ወንድሜ ይመችህ፣ ያቺን የሲና የቢ ነገር ሰማኋት። ግን እየተጫወትኩ ኮርድ ሁሉ ማሰብ አልቻልኩም፣ ኤፍ ላይ ነኝ ስል ሲ አልፎ ጂ ይመጣብኛል።

ኮርድ_ቆጣሪ፦

ሁሉንም አታስብ። አንዱን ለውጥ ብቻ ምረጥ፣ ለምሳሌ ከሲ ወደ ጂ የሚሄደውን፣ እዛ ጋ ስትደርስ ብቻ ዲ ወይ ቢ ላይ እረፍ። ሌላውን ጊዜ እንደፈለግክ ተጫወት። አንድ ሳምንት እሱን ብቻ። ኮርዶቹን ራስህ ቅዳቸው ደግሞ፣ ሉፐር (የመታኸውን ቀድቶ የሚደጋግም መሳሪያ) ካለህ በሉፐር ከሌለህ በስልክህ፣ በእጅህ የመታኸው ኮርድ መቼ እንደሚቀየር ሰውነትህ ያውቀዋል። ትራኩም ቀስ ይበል፣ 70 ይበቃል።

ድራመር_ነኝ_ይቅርታ፦

ሰላም የጊታር ሰዎች፣ ያለ ቦታዬ ነው የገባሁት ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ሶስት ገፅ ሙሉ ስለ ኖታ ስታወሩ አንድ ሰው ስለ ሪትም ትንፍሽ አላለም።

ከጊታሪስቶች ጋር ስጫወት አንድ የሚያሳብደኝ ነገር አለ፣ ሁሉም ሀረግ የሚጀምረው በባሩ የመጀመሪያ ምት፣ «አንድ» ላይ ነው። አንድ ሁለት ሶስት አራት፣ ሆፕ፣ አንድ ሁለት ሶስት አራት፣ ሆፕ። በዛ ላይ ሁሉም ኖታ እኩል ርዝመት አለው፣ እኩልም ይጮሃል። ጎረቤት ቤት ውስጥ ልብስ ስፌት ማሽን ያለ ነው የሚመስለኝ።

እስቲ አንድ ኖታ ብቻ ያዙ። አንድ። ሶሎ ተጫወቱበት ሁለት ደቂቃ። ከኖታ ሌላ ያላችሁ መሳሪያ ምንድነው? ርዝመት፣ ጉልበት፣ ዝምታና የምትገቡበት ቦታ። አንድ እና ሁለት እና ብላችሁ ስትቆጥሩ፣ አንዴ ከአንድ በኋላ ባለችው «እና» ላይ ግቡ። አንዴ ሶስት ላይ። አንዴ አራት ላይ ገብታችሁ አንድን ተሻገሩት። ሶስት ኖታ በአንድ ምት አድርጉት፣ ከዛ ሁለት፣ ከዛ አንዷን ጎትቷት። አንዱን በሀይል ሌላውን በቀስታ ምቱ። በአንድ ኖታ ሁለት ደቂቃ ሰው ሳይሰለች ማቆየት የቻለ ሰው አምስት ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ዝም_ያለች_ክር፦

ድራመሩ ትክክል ነው፣ እንደውም ይሄ መጀመሪያ መባል ነበረበት። (ይቅርታ መጠየቁን ግን ይተው፣ «ሶስት ገፅ» ያለው ግን ገና አንድ ገፅ ነው ሃሃሃ)

እኔ ደግሞ የቀረውን ልበል፣ ስለ ንክኪ። አምስተኛ ፍሬት፣ ጋሼ የሰጡህ ሀረግ ውስጥ ያለችው ቤንድ ኢ ላይ በትክክል ትደርሳለች? አብዛኛው ሰው አጋማሽ ላይ ይቀራል፣ ራሱ ደግሞ አይሰማውም። መፈተኛው እዛው አጠገብህ ነው፦ ሁለተኛዋ ክር 5ኛ ፍሬት ኢ ናት፣ መጀመሪያ እሷን ምታ፣ ጆሮህ ይያዛት፣ ከዛ ሶስተኛዋ ክር 7ኛ ፍሬትን ቤንድ አድርገህ አስተካክላት። ሁለቱን አንድ ላይ ብትመታቸው ካልተገናኙ ድምፁ ይወዛወዛል፣ ሲገናኙ ውዝዋዜው ይቆማል። በቀለበት ጣትህ ብቻ አትግፋ፣ መሃለኛውና ጠቋሚው ከኋላ ይደግፉ፣ አውራ ጣትህ ከአንገቱ ላይ ብቅ ትበል፣ ጉልበቱ ከእጅ አንጓህ ይምጣ።

ቫይብራቶም እንደዛው። ኖታዋን እንደነካህ ወዲያው አታንቀጥቅጣት፣ ትንሽ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ከዛ ቀስ ብለህ በእኩል ስፋት ጀምር። ከምቱ ጋር ብትሄድ ደግሞ የበለጠ ያምራል። በብርድ የምትንቀጠቀጥ የምትመስል ቫይብራቶ አለች፣ እሷን ተዋት።

ከዛ ደግሞ አንዲትን ኖታ በስንት አይነት መድረስ እንደሚቻል ቁጠር። በቀጥታ በፒክ፣ ከስር በስላይድ፣ በሀመር ኦን (ጣትን ክሩ ላይ ጥሎ)፣ ከላይ በፑል ኦፍ (ጣትን ከክሩ ነቅሎ)፣ በቤንድ። ኖታዋ ያው ናት አነጋገሯ ግን ይለያያል። ስኬል ስንለማመድ ሁሉንም በፒክ እኩል ስለምንመታ ነው ልምምድ ልምምድ የሚለው።

ባለ_ቅኝት፦

ፔንታቶኒክ ይሰለቻል ላለው ወንድማችን አንድ ነገር። አንተ የምትጫወተው ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ፣ ኤ ሲ ዲ ኢ ጂ ነው አይደል? ያንኑ ቦክስ ሳትለቅ ከስር ኤ ማይነሩን አጥፋና ሲ ሜጀር ብቻ ይጮህ፣ ሀረጎችህን ሁሉ ሲ ላይ ጨርስ። ሲ ዲ ኢ ጂ ኤ፣ ትዝታ ሜጀር ነው። ወደ ኤ መልሰህ ብታሳርፈው ደግሞ የባቲ ማይነር ኖታዎች ናቸው። አንድም ፍሬት አልቀየርክም፣ የምታርፍበትን ብቻ ነው የቀየርከው። ሰው በአምስት ኖታ እድሜ ልኩን ሲያለቅስና ሲያስለቅስ ነው የኖረው፣ እና ይሰለቻል ትለናለህ?

ኮርድ_ቆጣሪ፦

ኖታዎቹ አንድ ናቸው ማለት እንግዲህ ቅኝቱ አንድ ነው ማለት አይደለም፣ አካሄዱ፣ የሚደጋገመው ኖታ፣ ማስጌጫው ሁሉ የራሱ ነው። ፔንታቶኒክ ሊክ (የተሸመደደ አጭር ሀረግ) ትዝታ ላይ ለጥፎ ትዝታ ተጫወትኩ የሚል ሰው እንዳይመጣብን።

ባለ_ቅኝት፦

ልክ ነህ፣ እኔም ያልኩት ኖታዎቹን ነው። ግን አየኸው፣ አንተም ልዩነቱ «አካሄዱ» ነው አልክ። ስኬሉን ሳይሆን።

ዲስቶርሽን_ወዳጅ፦

እሺ ተሸነፍኩ 😅 ግን ዶሪያንን አልተውም። ኤ ማይነርና ዲ ሜጀር የሚመላለስ ትራክ ላይ ያቺን ኤፍ ሻርፕ አንዴ ንኳትና ንገሩኝ።

ኮርድ_ቆጣሪ፦

እሷማ የዲ ኮርድ ሶስተኛ ስለሆነች ነው የምታምረው። ሞድ ብለህ የገባህበት ቤት ኮርድ ሆኖ ተገኘ። ተስማምተናል ማለት ነው።

አምስተኛ_ፍሬት፦

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጠፋሁ እንዳትሉኝ፣ ያላችሁትን ሁሉ ስሞክር ነበር። ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ፣ ይረዝማል ይቅርታ።

መጀመሪያ የትንፋሹን ነገር ሞከርኩት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን የሚያዞረኝ ስሜት ነበረኝ ከዛ ለመድኩት። የገረመኝ ግን ሳቆም የሚሰማኝ ፍርሃት ነው። እውነቴን ነው፣ ዝም ስል የሆነ ሰው «ረሳው» የሚለኝ ይመስለኛል። ቀረጻው ላይ ስሰማው ግን ዝም ያልኩበት ቦታ ረጅም የመሰለኝ ሁለት ምት እንኳን አይሞላም። ስጫወት ያለው ሰአትና ስሰማ ያለው ሰአት ለየቅል ነው ለካ።

ማንጎራጎሩ ከባዱ ነበር። የመጀመሪያ ሳምንት የማንጎራጉረውም ያው የቦክሱን መውጣትና መውረድ ነበር፣ ጣቴ አፌን ሁሉ አበላሽቶት! ከዛ አንድ ቀን እቃ እያጠብኩ ትራኩ በስልኬ ተከፍቶ ሳላስበው አንድ ነገር አንጎራጎርኩ፣ እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ። አራት ኖታ ናት። ጊታሩ ላይ ስፈልጋት ሁለቱ አንድ ቦክስ ውስጥ ሁለቱ ሌላ ቦክስ ውስጥ ነበሩ፣ ለዛ ነው በጣቴ መቼም የማላገኛት።

ከዛ ድራመሩን ልሰድበው ነበር። ቀረጻዬን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፣ በአንድ ቀረጻ ውስጥ 14 ሀረግ አለኝ፣ 12ቱ የሚጀምሩት «አንድ» ላይ ነው። ልብስ ስፌት ማሽኑ እኔ ነኝ።

ቤንዱም ጎደሎ ነበር። በሁለተኛዋ ክር ስፈትነው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። አሁን ከአስር ሰባቱ ይደርሳል።

እና አሁን ያለኝ ጥያቄ፦ አንድ ጥሩ ሀረግ ሰራሁ፣ መልሱንም ሰራሁለት፣ ከዛስ? ሌላ አዲስ ሀረግ ነው የምፈልገው? ወዲያው ሀሳብ ያልቅብኛል ወደ ቦክሱ እመለሳለሁ።

አሮጌ_አምፕ፦

ጎበዝ ልጄ። አዲስ አትፈልግ። ያችኑ ይዘህ ቆይ። ድገማት፣ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማት ያውቃታል፣ ማወቁ ደስ ይለዋል። በሶስተኛው መጨረሻዋን ቀይርበት። ከዛ ያችኑ በኦክታቭ ከፍ አድርጋት፣ ያንኑ ኖታ ቀጠን አድርገህ ማለት ነው። ከዛ ግማሿን ብቻ ተጫውተህ ዝም በል፣ ሌላውን ግማሽ አድማጩ በሆዱ ይጨርሳታል። አንዲት ሀረግ በአግባቡ ከያዝካት አስራ ስድስት ባር ትወስድሃለች።

ለረጅም ሶሎ የጃዝ ጊታሪስቱን ዌስ ሞንትጎመሪን አጥናው፣ በፒክ ፋንታ በአውራ ጣቱ የሚመታው። ብዙ ጊዜ በነጠላ ኖታ ይጀምራል፣ ከዛ በኦክታቭ ይጫወታል፣ መጨረሻውን በኮርድ ያደርገዋል። ሶስት ደረጃ ናት። ሳትነገር ከፍ ከፍ ትላለች። አንተ ደግሞ ስትጀምር ያለህን ሁሉ አውጥተህ ስለጨረስክ ነው መሃል ላይ ባዶ የምትቀረው። ከታች፣ ከቀስታ፣ ከጥቂት ኖታ ጀምር፣ መውጫ አስቀር።

ድራመር_ነኝ_ይቅርታ፦

14 ውስጥ 12 ያለው ልጅ ይመቸው፣ የቆጠረ ሰው መጀመሪያ ነው ያየሁት። ቀጣዩን ቀረጻ እዚህ ላከው፣ እኔ እቆጥርልሃለሁ።

ፒክ_ጠፋኝ፦

እህትህስ ምን አለች? እሷን ነው የምንጠብቀው 😂

አምስተኛ_ፍሬት፦

ገና አላሰማኋትም። እፈራታለሁ ሃሃሃ። ትላንት ግን ሌላ ክፍል ሆና የእኔን ሀረግ ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ፣ መጨረሻዋን ተሳስታ። ወይ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ የእሷ መጨረሻ ይሻላል፣ ወስጄዋለሁ።

ልልከው የነበረው ቀረጻ ግን አልተቻለም። ዛሬ ያቺን ቤንድ ስደጋግም ሶስተኛዋ ክር ተበጠሰች፣ ትርፍ የለኝም።

ዝም_ያለች_ክር፦

እንደውም ተመቸህ። ሁለተኛዋ ክር ላይ ሙሉውን ሀረግ በአንድ ክር ታገኘዋለህ፣ በኦክታቭ ከፍ ብሎ፦ 15ኛ ፍሬት ዲ፣ እሷን ቤንድ አድርግ፣ 13ኛ ሲ፣ ከዛ ለጥያቄው 8ኛ ጂ ለመልሱ 10ኛ ኤ። በአንድ ክር ላይ ቦክስ የሚባል ነገር የለም፣ ወደየት እንደምትሄድ በጆሮህ ካልመራኸው ጣትህ የሚያውቀው መንገድ አይኖረውም።

አምስተኛ_ፍሬት፦

አሁን ሞከርኩት። ከ13 ወደ 8 ስወርድ ስላይድ አድርጌ ገባሁ፣ ሳላስበው። እህቴ በሩን ከፍታ «ይቺ ምንድናት?» አለችኝ። ጊታሩን አስቀምጬ መጣሁ ልፅፍላችሁ፣ ልመለስ።